መቼ ጀመረዎት?

ወረርሽኝ ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ድንኳን፣ አምቡላንስና ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የተሸፈነ ሐኪም ነው። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ አንድ ወረቀት ነው። ባለሙያዎቹ «ላይን ሊስት» ይሉታል። በአንድ ረድፍ አንድ ታማሚ ይሰፍራል፦ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ ጤና ተቋም የደረሰበት ቀን፣ የክትባት ሁኔታ፣ የናሙና ውጤት፣ በመጨረሻም ዳነ ወይስ ሞተ። ሆሳዕና ላይ ይሞላ ዱራሜ ላይ፣ ቅጹ ያው ነው።

ከነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዝ ብትሉኝ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን እይዛለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቢጫ ወባ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ኮሌራ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ከታወቀ ወደ ኋላ ቆጥሮ «ያን ሰሞን የት ነበሩ? ምን ጠጡ? ማን ዘንድ ሰነበቱ?» ማለት ይቻላል። የሁሉም ታማሚዎች ቀን በግራፍ ሲደረደር ደግሞ ቅርጹ ራሱ ይናገራል። በአንድ ጊዜ ሽቅብ ወጥቶ የሚወርድ ከሆነ ብዙ ሰው ከአንድ ምንጭ፣ ምናልባትም ከአንድ ድግስ ተበክሏል ብሎ መጠርጠር ነው። ማዕበል በማዕበል ከመጣ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በዚህ ቀን ፋንታ ጤና ጣቢያ የደረሱበት ቀን ቢጻፍስ? ገጠር ያደገ መልሱን ያውቀዋል። ሰው ሕመሙን ይዞ ሰንብቶ፣ ከተማ ለመውጣት ገበያን ይጠብቃል። ግራፉ ያን ጊዜ በየሳምንቱ በገበያ ቀን ከፍ ይልና የሚያሳየን የበሽታውን መንገድ ሳይሆን የገበያተኛውን ይሆናል።

ችግሩ፣ «መቼ ጀመረዎት?» ሲባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሰሞኑን» ነው። ጎበዝ ጠያቂ እዚህ ላይ ይለያል። ቀኑን በቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ ሁሉም በሚያስታውሰው በዓል ወይም ለቅሶ ያስታክካል። ሀዲያ ላይ «ከያሆዴ በፊት ነው በኋላ?»፣ ከምባታ ላይ «ለመሳላ ቆመው ነበር?»፣ «እናቴ፣ የእነ እገሌ ለቅሶ ጊዜ ልጁ ደህና ነበር?» ይላል። ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ ከሚላክ ባለሙያ ይልቅ የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እመርጣለሁ። ቋንቋውንም፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነም፣ ለቅሶው መቼ እንደነበረም ታውቃለች።

አድራሻ ሌላው ጣጣ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ወባ በብዛት የሚታየው ከዚያ በታች ነው። ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የተኛ የወባ ታማሚ ቅጹ ላይ «ሆሳዕና» ተብሎ ቢጻፍ ውሸት አይደለም፤ ቤቱ እዚያ ነው። የተነከሰው ግን ሻሾጎ ሜዳ ላይ፣ ጊቤ ቆላ ወርዶ ወይም ለሥራ ወንጂና መተሐራ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የጉዞ ታሪክ የሚለው ዓምድ ባዶ ከቀረ መድኃኒት የሚረጨው ከተማው ላይ፣ ትንኟ ያለችው ቆላው ላይ ይሆናል። በ2015 ማብቂያ አካባቢ ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ኮሌራ ሲነሣም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ጠበልተኛው የመጣው ከየአቅጣጫው ስለሆነ የመኖሪያ አድራሻ ብቻውን ብዙም አይናገርም ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ሀዲያና ከምባታ ልመልሳችሁ። በ2010 ማብቂያና በ2011 መጀመሪያ በደቡብ በኩል ጎረቤት በሆነው ወላይታ፣ ኦፋ ወረዳ፣ ቢጫ ወባ ገብቶ 35 ሰዎች ተመዘገቡ፤ 10 ሞቱ። ዓመት ተኩል ገደማ አልፎ በሰሜን በኩል፣ በጉራጌ ዞን እነሞርና ኤነር ወረዳ እንደገና ታየ። የካቲት 2012 መጨረሻ ላይ ሪፖርት የተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ታማሚዎች የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ፦ አባት፣ እናትና ልጅ። ሀዲያና ከምባታ በሁለቱ መካከል ናቸው።

መርማሪዎች እንዲህ ያለ ቤት ሲደርሱ ታማሚውን ብቻ አይደለም የሚያዩት፤ ጓሮ ይገባሉ። ለምን መሰላችሁ? በእንሰቱ ምክንያት! የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ጎድጓዳ ዝናብ ያቁራል፤ ቢጫ ወባን ከሚያስተላልፉት ትንኞች አንዷ፣ ኤዲስ ሲምፕሶኒ የምትባለው፣ እዚያ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 100,000 ያህል ሰው ታምሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ በሚገመትበት ወረርሽኝም ይህችው ትንኝ ተጠርጥራለች። «በሚገመትበት» ያልኩት በምክንያት ነው። ያኔ ቤት ለቤት የሚመዘግብ ሰው አልነበረም፤ ቁጥሩ የተሰላው ከጊዜ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቅጹ ላይ «በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚቋጥር ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ ስታዩ ከቁም ነገር ቁጠሩት። ቆጮ በሚበላበት አገር መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው።

ዝርዝሩ ላይ ማን ይግባ የሚለውም በስሜት አይወሰንም። ለኩፍኝ ትኩሳትና ሽፍታ ኖሮት፣ ሳል ወይም ንፍጥ ወይም የዓይን መቅላት ያለበት ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። መጀመሪያ መረቡ ሰፋ ይላል፤ ጤነኛ አብሮ ቢገባ ይሻላል፣ ታማሚ ከሚያመልጥ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስቱ በላቦራቶሪ ሲረጋገጡ ወረርሽኝ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሁሉንም ደም መቅዳት አያስፈልግም፣ ከተረጋገጡት ጋር ንክኪ ያለው ይመዘገባል። ለኮሌራ ግን አንድ የተረጋገጠ ታማሚ ይበቃል።

ወባን በዚህ መንገድ መያዝ አይቻልም፤ ሁልጊዜም አለና። እዚህ የሚሠራው ብልሃት ቀላል ሆኖ ደስ ይለኛል። ያለፉት አምስት ዓመታት የዚሁ ሳምንት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ ለምሳሌ 12፣ 40፣ 18፣ 25፣ 15 ቢሆኑ ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር፣ 25፣ ጣሪያ ይሆናል። ዘንድሮ 31 ከመጣ ደወል ነው። 40ን ያልወሰዱት ያ ዓመት ራሱ ወረርሽኝ ሊሆን ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ በአገሪቱ የተመዘገበው በዚሁ ሳምንታዊ ቆጠራ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ጤነኞችም እንደሚጠየቁ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ30 ታማሚዎች 24ቱ ከአንድ ምንጭ ጠጥተዋል እንበል። ምንጩ ተያዘ ማለት ነው? ቆይ። ካልታመሙት 60 ጎረቤቶች 48ቱም ከዚያው ጠጥተው ቢሆንስ? በሁለቱም ወገን 80 በመቶ ነው፤ ምንጩ ላይ የተነሣው ጥርጣሬ ረገበ፣ ሌላ ነገር መፈለግ ነው። ደህና ሆኖ ሳለ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ውሃው የሚጠየቅ ጎረቤት ቢሰለች አይፈረድበትም፤ ያለ እሱ መልስ ግን ስሌቱ አይሠራም።

ፍጥነቱስ? እንደ ኮሌራና ቢጫ ወባ ያሉት ከታዩ ከታች እስከ ላይ እያንዳንዱ እርከን በ30 ደቂቃ ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ከፌዴራል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ወደ ዓለም ጤና ድርጅት 24 ሰዓት ይሰጣል። በጉራጌው ወረርሽኝ የደም ናሙናው እስከ ኢንቴቤ፣ ኡጋንዳ ድረስ ተልኮ ነው የተረጋገጠው። በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኝቶ የአገሩ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ነበር። የእነሞርና ኤነሩ ዝርዝር ግን ከአንድ ቤት ሦስት ሰዎች ተነሥቶ፣ ሚያዝያ ሳይገባ፣ በስድስት የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ከ80 በላይ ተጠርጣሪዎች ደርሶ ነበር።