ወጣት ፈረስ ለምን ይንገዳገዳል?



ከአገር ቤት ሕይወት ጋር የተያያዘ ነገር ጻፉ ስንባል እኔ ፈረስን መረጥኩ። አያቴ በጎንደር ገጠር ሳሉ ፈረስ ያረቡ ነበር። እዚህ ቤር ሼቫም ከከተማው ወጣ ሲሉ የቤዱዊን ፈረሶችን ማየት የተለመደ ነው። አንድ ቀን ከአያቴ ጋር ስንሄድ ሁለት ዓመት የሚሆነው ፈረስ የኋላ እግሩ እየተጠላለፈ ሲሄድ አየን። የያዘው ልጅ «ሰነፍ ነው» ብሎ በአለንጋ ሊመታው ሲል አያቴ «ተው ልጄ፣ ፈረስ በስንፍና አይንገዳገድም። መጀመሪያ አረማመዱን እየው» አሉት። እኔም ምን እንደሚታይ ለማወቅ ፈለግሁና አያቴን እየጠየቅሁ፣ መጻሕፍትም እያነበብኩ ይህን ጻፍኩ።

ዕድገት ነው ወይስ በሽታ?

ውርንጭላ በተወለደ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቱ ሁሉ እኩል አያድግም። አንድ ሰሞን ዳሌው ከትከሻው ከፍ ይላል፤ ቆይቶ ትከሻው ይደርስበታል። በዚህ ጊዜ ቢሰናከል ወይም ሲዞር ቢደናገር አያስደንቅም። አካሉ ሲመጣጠንና ቀስ እያለ ሲለማመድ ይሻለዋል። የሚያሳስበው የማይሻለው ወይም እየባሰበት የሚሄደው ነው።

አያቴ «ሁልጊዜ ከሰኮናው ጀምር» ይላሉ። ሰኮና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ካልተስተካከለ ጫፉ ይረዝምና ፈረሱን ያሰናክለዋል። ይህ በቀላሉ የሚታረም ነገር ነው።

ማነከስና መንገዳገድ ይለያያሉ

ከተማርኩት ሁሉ ዋናው ይህ ነው። እግሩን አሞት የሚያነክስ ፈረስ አረማመዱ ሥርዓት አለው። ሶምሶማ ሲሄድ የታመመው የፊት እግር መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ከፍ፣ ጤነኛው ሲነካ ዝቅ ያደርጋል። እያንዳንዱ ርምጃ ካለፈው ጋር ይመሳሰላል።

የነርቭ ችግር ያለበት ግን ርምጃው አይመሳሰልም። አንዴ እግሩን አስፍቶ፣ አንዴ አጥብቦ ይረግጣል፤ የሰኮናውን ጫፍ ይጎትታል፤ ሲዞር አንዱን እግር በሌላው ላይ ይረግጣል። ምክንያቱም እግሩ የት እንዳለ የሚናገረው መልእክት ወደ አንጎሉ በትክክል አይደርስም። ሕመም ስለሌለው ብዙ ሰው ስንፍና ይመስለዋል።

ከሁለቱም የተለየ ሌላ ነገር አለ። የጉልበት ሎሚ ተይዞ የኋላ እግር ወደ ኋላ እንደተዘረጋ ይቀርና በድንገት ይለቃል። ይህ ጡንቻቸው ባልጠነከረ ወጣት ፈረሶች ላይ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ጡንቻቸው ሲዳብር ይሻላቸዋል።

የአንገት አጥንት ሲጫን

በወጣት ፈረስ ላይ ለሚታይ መንገዳገድ አንዱ የታወቀ ምክንያት አንገት ውስጥ ነው። የአንገት አከርካሪ አጥንቶች በደንብ ሳይገጣጠሙ ሲያድጉ፣ ወይም መሐላቸው ያለው ቀዳዳ ሲጠብ፣ ሕብለ ሰረሰሩን ይጫኑታል። በፍጥነት በሚያድጉ ትልልቅ ፈረሶች ላይ ይበዛል፤ ከሴቶቹም ይልቅ ወንዶቹን ያጠቃል። ዘርም ከመጠን ያለፈ እህል መመገብም አስተዋጽኦ አላቸው። ወደ ኋላ እግር የሚሄዱት የነርቭ መስመሮች በሕብለ ሰረሰሩ ጠርዝ በኩል ስለሚያልፉ ጉዳቱ በኋላ እግር ላይ ቀድሞ ይታያል።

ሐኪም በራጅ ያረጋግጣል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ምግቡን መጥኖ ዕድገቱን ማዘግየት ሊረዳ ይችላል። ቀዶ ሕክምናም አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈው ሲያትል ስሉ የተባለ ፈረስ በእርጅናው የአንገት አጥንት ችግር ደርሶበት በ2000 ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ወደ እርባታ ተመለሰ። ነገር ግን ሁሉም አይድንም።

ምግብና ትንኝ

ነርቭን የሚጎዳው አጥንት ብቻ አይደለም። ቫይታሚን ኢ ለነርቭ ያስፈልጋል፤ የሚገኘውም በብዛት ከለምለም ሣር ነው። ሣር ሲደርቅ አብዛኛውን ያጣል። በኔጌቭ በረሃ ደረቅ ድርቆሽ ብቻ እየበላ የሚያድግ ውርንጭላ ይህ ሊጎድለው ስለሚችል ባለቤቱ ሐኪም ጠይቆ በምግቡ ላይ ቢጨምርለት ጥሩ ነው።

ወላጆቻችን ጓያን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ ሌላ እህል ሲጠፋ ጓያን ለብዙ ጊዜ የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ፈረስም ጓያን ብዙ ቀን ከበላ የኋላ እግሩ ይደክማል። «ለከብት ቢሆን ምን አለበት» ማለት ስሕተት ነው።

ሦስተኛው በትንኝ የሚተላለፈው የምዕራብ ናይል ትኩሳት ነው። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2000 ከ400 በላይ ሰዎች ታመውበታል። ፈረስንም ይይዛል፤ በበጋና በመከር ጤነኛ የነበረ ፈረስ በድንገት ቢንገዳገድ፣ ከንፈሩና ጡንቻው ቢንቀጠቀጥ ይህ ይጠረጠራል። ለፈረስ ክትባት አለው።

ምን እናድርግ?

በደልዳላ መሬት ላይ አንድ ሰው ፈረሱን ይሳበው፤ ሌላው ከሩቅ ይመልከት። በቀጥታ ይሂድ፣ በጠባብ ክብ ይዙር፣ ወደ ኋላ ይመለስ። ወደ ኋላ ሲመለስ እግሩን የሚጎትት፣ ሲዞር የውጩን እግር አስፍቶ የሚወረውር ከሆነ ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ ፈረሱ እየሄደ ጭራውን ወደ ጎን ይስባል፤ ጤነኛ ፈረስ ይቋቋማል፣ የታመመው ይወላገዳል። ይህን ያልለመደ ሰው አይሞክረው፤ ፈረሱ ሊወድቅበት ይችላል። ለከባድ ሕመም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም ቤት ቤት ዳጋን አጠገብ አለ፤ ፈረስም ያክማል።

እስኪታወቅ ድረስ ግን ማንም አይቀመጥበት፣ በተለይ ልጅ። እግሩ የት እንዳለ የማያውቅ ፈረስ ከነጋላቢው ይወድቃል።

አያቴ ያን ቀን አለንጋውን ያስቆሙት ያለ መጽሐፍ ነው። እኔ ያነበብኩት እሳቸው በዓይናቸው ያወቁትን ነው። እናንተም ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ። እኛ ካልጠየቅን፣ እናንተም ካልነገራችሁን ዕውቀቱ አብሮ ይጠፋልና።