ለውሻ የሚሆን የፍራፍሬ ጉርሻ

በሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ የምትኖር አንባቢ ሆይ፤ ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ ከደጅህ አይጠፋምና ለግቢህ ውሻ ጥቂት ብታካፍለው ወጪው አይከብድህም። «ውሻ አጥንት እንጂ ፍራፍሬ ምኑ ነው?» ትል ይሆናል። ሙዝ የለመደ ውሻ ግን ገና ስትልጥ ጅራቱን ይቆላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የበሰለ ሙዝ በሹካ አድቅቅ፤ ፍሬው የወጣለትና የተላጠ ፓፓያ ጨምርበት፤ ከጥቂት የአጃ ዱቄት ጋር ለውሰህ በጣት ጫፍ ልክ አድቦልብልና በምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት አድርቀው። ስኳርም ሆነ ጨው አያሻውም። የማንጎን ፍሬ አርቅ፤ አንጀት ይዘጋል። አቮካዶም፣ በሲዳማ ምድር ቢትረፈረፍ እንኳ፣ ለውሻ ባይሰጥ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ወይንና ዘቢብ ነው። ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን መባ ተብሎ ከብዙ ቤት ይቀመጣል፤ ልጆችም ለውሻው ሲወረውሩለት ደግነት ይመስላቸዋል። ጥቂቱ እንኳ የውሻን ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ታርታሪክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ይኸው አሲድ በሮቃም ውስጥ አለ። እንግዲህ ውሻህ ዘቢብ ከበላ፣ እስኪያስመልሰው አትጠብቅ፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደው።

ጉርሻውም ከዕለት ምግቡ ከመቶ 10 እጅ አይለፍ። ከተረፈ አንተው ብትቀምሰው አይጎዳህም።