ስለ ጉልበቱ ሳይሆን ስለ ክብደቱ ጠይቁ

እዚህ ቨርጂኒያ በምሠራበት ጋራዥ፣ ፈጣን መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከፈረስ ጉልበት ነው። በ2025 ሞዴል ቢኤምደብሊው ኤም 5 እና ፖርሸ 911 ካሬራ አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም በ120 ሺህ ዶላር ገደማ ይጀምሩ ነበር። ኤም 5 የ717 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ካሬራው ግን 388 ብቻ። «ታዲያ ፖርሸውን ምን በወጣኝ እገዛለሁ?» ይሉኛል።

እኔ ደግሞ ክብደቱን እጠይቃቸዋለሁ። ኤም 5 ከነሃይብሪድ ባትሪው ከ2400 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ካሬራው 1500 አካባቢ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ይህን ልዩነት ሞተሩ ይሸፍነዋል። ፍሬን ሲያዝ ግን የሚሸፍነው የለም። የመኪናው ሩጫ በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሙቀቱም በክብደቱ ልክ ይጨምራል። በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ ቆይተው ቢቆሙ ከባዱ ከቀላሉ 60 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ማስወገድ አለበት። ኩርባ ላይም ያው ነው፤ ያን ሁሉ ኪሎ ጎትተው የሚያዞሩት አራት ጎማዎች ናቸው።

የእሽቅድድም ሜዳ ላይ የዋለ ከባድ ሴዳን ሊፍት ላይ ሲወጣ ታሪኩን ራሱ ይናገራል። ዲስኩ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጠጋ ብላችሁ በባትሪ ስታዩት ጸጉር የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ከመሀል ወደ ጠርዝ ይሄዳሉ። የፍሬን ሸራው ጠርዝ ይፈረፈራል፣ የፊት ጎማው የውጭ ትከሻ ይላጣል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ስትረግጡት ይሰምጣል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በዚያው ሜዳ ውሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የማገኘው የተበላ ሸራና ጎማ ብቻ ነው። ጉልበቱ 181፣ ክብደቱ ከ1100 ኪሎ በታች ስለሆነ ፍሬኑ አይሰቃይም። ለእኔ እውነተኛ ስፖርት መኪና እሱ ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ማንም ቢቀድመው ግድ የለኝም።

ኤም 5 ሲነደፍ መነሻው አምስት ሰው በምቾት የሚያስቀምጥ፣ ድምፅ የማያስገባ ሴዳን ነው። መሐንዲሶቹ በዚያ ላይ ትልቅ ፍሬን፣ ጠንካራ አሞርዛተር፣ የሚታጠፍ የኋላ ጎማ ጨመሩበት። ድንቅ ሥራ ነው፣ አላቃልለውም። ግን እያንዳንዱ ጭማሪ የክብደቱን ዕዳ ለመክፈል የገባ ነው፤ የተጨመረውም እንደገና ይመዝናል።

ድሮ በሴዳንና በስፖርት መኪና መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነበር። በ1985 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ኤም 5 ሞተሩ ኤም 1 ከሚባለው ስፖርት መኪና የመጣ፣ 286 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ክብደቱ ከዛሬው ካሬራ እንኳ ያንሳል። እንዲህ ያለ ቀላል ኤም 5 ዛሬ አዲስ የሚሸጥ የለም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሦስት ልጆች ጭኖ በ95 አውራ ጎዳና ኒውዮርክ ለሚመላለስ ሰው ኤም 5 እንዲገዛ እመክራለሁ፤ የጎማውንና የዲስኩን ወጪ ግን አስቀድሞ ይያዝ። ቅዳሜ ማለዳ ብቻውን የሸናንዶዋን ጠመዝማዛ መንገድ መንዳት የሚያምረው ግን በዚያ ገንዘብ ግማሽ ያገለገለ ፖርሸ 718 ኬይማን ያገኛል። እሱን ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጎማው እኩል መበላቱን ነው።