«ቦኬ» በብሉቱዝ ለምን አይነበብም?

በምዕራብ ሐረርጌ የምትገኘውን የቦኬን ስም አንድ ተማሪ በማይክሮኮንትሮለር አማካይነት በብሉቱዝ ሊያሰራጭ ፈለገ እንበል። ቺፑ ይሠራል፤ በስልኩ ላይ ግን ስሙ ተበላሽቶ ይታያል ወይም ጨርሶ አይታይም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ብሉቱዝ 4.0 የአንድ ማስታወቂያ መልእክት ይዘት ከ31 ባይት አይበልጥም። እያንዳንዱ የመልእክቱ ክፍል በርዝመት ቁጥር ይጀምራል፤ ቁጥሩም የክፍሉን ዓይነት የሚገልጸውን 1 ባይትና ይዘቱን ይደምራል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የ«ቦኬ» ርዝመት 7 እንጂ 3 አይደለም። 3 ከተጻፈ ተቀባዩ «ቦ»ን ሳይጨርስ ይቆርጥና የፊደሉን የመጨረሻ ባይት፣ ማለትም 166ን፣ እንደ አዲስ ርዝመት ይወስደዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ፊደልን ሳይሆን ባይትን መቁጠር ነው። የመሣሪያውን ሁኔታ የሚገልጹት 3 ባይቶችና የስሙ 2 መሪ ባይቶች ሲቀነሱ የሚተርፈው 26 ባይት ነው፤ ይህም ለ8 የግእዝ ፊደላት ብቻ ይበቃል።