ነፊና መቺ

መንገድ ዳር ቆሞ ሰልፍ ለሚያይ ሰው ማርሽ ባንድ አንድ ነው፤ ልብሱ አንድ፣ እርምጃው አንድ። ውስጡ ግን ሁለት ሰፈር ነው። በአንድ ወገን ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ቱባ የያዙት ነፊዎች፣ በሌላው ከበሮና ሲምባል የያዙት መቺዎች አሉ። በመሃላቸው ተረብ አያልቅም።

ነፊው “እንጨት ይዞ መደብደብም ሙያ ሆነ?” ይላል። መቺው ደግሞ ነፊው እረፍት ባገኘ ቁጥር መሣሪያውን ዘቅዝቆ ሲያራግፍ ጠብቆ ስለ ምራቅ ያነሳል። እርግጥ የሚፈሰው በአብዛኛው ምራቅ አይደለም፤ ትንፋሽ ቀዝቃዛ ናስ ሲነካ የሚፈጠር ውሃ ነው። ይህን ለመቺ ማስረዳት ግን ድካም ብቻ ነው።

ክርክሩ አዛውንትነት ላይም ይደርሳል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ለአገራችን የናስ ባንድ መሠረት ጥለዋል። መቺው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ከበሮ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን በማኅሌትና በሰርግ ቤት ኖሯል! ነፊውም አይረታም፤ ነጋሪት ሲጎሰም መለከትና እምቢልታ አብረው ይነፉ እንደነበር ያስታውሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እዚህ ላይ አቻ ናቸው።

የምር የሚያነታርካቸው ሌላ ነው። ነፊው “ከበሮው ይጎትታል” ይላል፣ መቺውም “የሚጎትተው ናሱ ነው” ብሎ ይመልሳል። የሚገርመው፣ ሁለቱም የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፊት ያለው ትራምፔት ከከበሮው 34 ሜትር ቢርቅ፣ ምቱ የሚደርሰው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው። ነፊው ያንን ጠብቆ ቢነፋ፣ የእሱ ድምፅ ወደ መቺው ሲመለስ ሌላ አንድ አሥረኛ ይጨምራል። በደቂቃ 120 እርምጃ በሚሄድ ሰልፍ እያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ስለሚወስድ፣ ይህ የእርምጃውን ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። መቺው አዝኖ ናሱን ልጠብቅ ካለ ደግሞ ሰልፉ ሁሉ እየተንቀራፈፈ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይን ከጆሮ ይቀድማል፤ ሁሉም የመሪውን ዘንግና የፊተኛውን እግር ያያል። ብዙ ባንዶች ከበሮውን መሃል የሚያሰልፉትም ርቀቱን ለፊትና ለኋላ ለማካፈል ነው።

ነፊውን የሚፈትነው ግን ርቀት ብቻ አይደለም፤ ከንፈርም ጡንቻ ነውና ይደክማል። ቀኑን ሙሉ ከፍ ያለ ድምፅ ሲነፋ የዋለ ትራምፔተኛ ማታ ላይ ኖታው እየከዳው ይመጣል፤ በዜማና በዜማ መካከል ናሱ ዝም ብሎ ከበሮ ብቻ ሰልፉን የሚነዳውም አንድም ለዚህ ነው። መቺዎች በዚህ ይኮራሉ፤ “እናንተ ስታርፉ የምናስኬዳችሁ እኛ ነን” ይላሉ።

ኩራቱ የሚቆየው ግን ሰልፉ እስኪያልቅ ነው። ትራምፔተኛው መሣሪያውን በሳጥኑ ከትቶ መኪና ውስጥ ወንበር ሲይዝ፣ መቺው ገና ትልቁን ከበሮ ከትከሻው እያወረደ ማንጠልጠያውን ይፈታል። ይህን ጊዜ ቱባ ነፊው ወገን ይቀይራል። የሱ ቱቦ ቢዘረጋ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም ናስ ነውና፣ ዕቃ ሲጫን “እኛ መቺዎች” ማለት ይጀምራል።