የቤተሰብ ስም በፊሊፒን አገር

ስም ለቤተሰብ እንደ ርስት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በእስፓንያ ንጉሥ በዳግማዊ ፊሊጶስ ስም በተሰየመችው በፊሊፒን አገር ግን ብዙው ሕዝብ የቤተሰቡን ስም ያገኘው ከአያቶቹ ሳይሆን ከመዝገብ ነው።

የአንድ ቤት ልጆች ልዩ ልዩ ስም ይይዙ ስለ ነበር ግብር ለመሰብሰብና ዝምድናን ለመለየት አስቸገረ። ስለዚህ አገረ ገዥው ናርሲሶ ክላቬሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ የስም መዝገብ በየአውራጃው ታደለ። እደላው በፊደል ተራ ስለ ሆነ በአንዳንድ ከተማ የብዙው ነዋሪ ስም በአንድ ፊደል የሚጀምር ሆነ። ስሙን እስከ 4 ትውልድ ጠብቆ የኖረ ቤተሰብ ግን እንዲለውጥ አልተገደደም።

በ1898 ዓ.ም. እስፓንያ ስትለቅ አሜሪካ ተተካች፤ የእንግሊዝኛ ትምህርትም ገባ። ነፃነት የተገኘው በ1946 ዓ.ም. ነው።

ስሙም ትምህርቱም ከውጭ ከመጣ ለቤተሰቡ የራሱ የሆነ ምን ቀረለት ብለን ብንጠይቅ መልሱን በቤት ውስጥ እናገኘዋለን። ልጅ የሽማግሌ እጅ ይዞ ግንባሩን እያስነካ «ማኖ ፖ» ይላል። «ማኖ» በእስፓንያ ቋንቋ እጅ ማለት ነው፤ «ፖ» ግን የታጋሎግ የአክብሮት ቃል ነው። ቃሉ ከባዕድ ቢመጣም አክብሮቱ በእናት ቋንቋ ይነገራል። እንግዲህ የሕዝብ ጠባይ የሚጠበቀው በመዝገብ ሳይሆን ወላጆች ለልጆቻቸው በሚያስተምሩት ነው።