ስንት ቀን በእግር?

የጀርባ ሕመም ማንንም አያስደነግጥም። ብርድ ነው፣ ሸክም ነው ይባላል፤ ይታሻል፣ ወጌሻ ዘንድም ይኬዳል። ከዓመታት በፊት ለጡት ካንሰር የታከመች ሴት ግን ሌሊት ስትጋደም የሚብስባት ሕመም ከጀመራት የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ጆሮውን ያቆማል። የጡት፣ የሳንባና የፕሮስቴት ካንሰር አከርካሪ አጥንት ላይ መዝመት ይቀናቸዋል። አጥንቱ ሲደቅ ወይም እጢው ወደ ውስጥ ሲገፋ ህብለ ሰረሰር ይጨመቃል፤ እግር ይከብዳል፣ ይደነዝዛል፣ ቆይቶም ሽንት አልታዘዝ ይላል። (በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም ይህንኑ መልክ ይዞ ስለሚመጣ ናሙና ሳይወሰድ መፍረድ ያሳስታል።)

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ለረጅም ጊዜ ስሙ ጥሩ አልነበረም። ሐኪሞች የአከርካሪውን የኋላ ቅስት ያነሱ ነበር፤ እጢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከፊት ነው። ጠላት በፊት በር ቆሞ የጓሮውን አጥር እንደማፍረስ ነበር፤ አከርካሪውም ጭራሽ ይላላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ላንሴት ላይ የወጣው የአሜሪካዊው ሐኪም የሮይ ፓቼልና የባልደረቦቹ ጥናት ነገሩን ገለበጠው። 101 ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ፤ ገሚሱ በጨረር ብቻ፣ ገሚሱ እጢው በቀጥታ ወጥቶለት ከዚያ በጨረር ታከመ። በየወገኑ መራመድ ተስኗቸው የገቡ 16 ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው ወገን 10 ተነሥተው ሄዱ፤ ከጨረሩ 3 ብቻ።

ቤተሰብ ኮሪደር ላይ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ይኖራሉ?» ብሎ ነው። በዚያ ጥያቄ ከተለካ ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ በቀዶ ሕክምናው ወገን ከሕክምና በኋላ የኖሩበት ጊዜ መካከለኛ 126 ቀን፣ በጨረር ብቻ 100። የመራመጃው ቀን ሲቆጠር ግን 122 ለ13 ነው። አንዱ የቀረችውን ዕድሜ አብዛኛዋን በእግሩ፣ ሌላው አልጋ ላይ ጨረሳት ማለት ይቻላል።

ቢላው ለሁሉም አይደለም። ሊምፎማና ማየሎማ ለጨረር ቶሎ ስለሚረቱ ከጥናቱ ውጪ ተደርገዋል። ከ48 ሰዓት በላይ ሁለት እግራቸው ሽባ ሆኖ የቆዩትም እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላ ነርቭ እምብዛም አይመለስማ።

ስለዚህ ከሌላ ሆስፒታል በእኩለ ሌሊት ሲደወል ቀዶ ሐኪሙ ከዕድሜና ከካንሰሩ ዓይነት አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ለመጨረሻ ጊዜ በእግራቸው ሽንት ቤት የሄዱት መቼ ነው?»